የቃኘው ዘማች አባቶቻችን በቤታቸው እንዴት ነበሩ? የአባታችንን አርባ ምክንያት በማድረግ

የሐረር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባታችን በ91 ዓመታቸው አርፈው ባለፈው እሑድ አርባቸውን አውጥተናል። ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሊዋጋ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ፣ አባል ነበሩ። ጡረታ የወጡት በሃምሳ አለቅነት ማዕረግ ሲሆን ስድስት ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የተወለዱበትን፣ የተቀጠሩበትን፣ የዘመቱበትንና የተሸለሙትን ሁሉ በቅደም ተከተል ይዟል፤ ጥሩ ተጽፏል፣ የሚነቀፍ ነገርም የለበትም። ነገር ግን እኛ ልጆቻቸው የምናውቃቸው ሰው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አልነበሩም። ይህን ክር የከፈትሁት የጎደለውን ለመሙላት ነው፤ አባቶቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ዘማች የነበሩ ሁሉ የጦር ሜዳውን ብቻ ሳይሆን የቤታቸውን ኑሮ እንድትጽፉልኝም እለምናለሁ።

አባታችን የቡልጋ ሰው ናቸው። በ1943 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በክብር ዘበኛ ተቀጠሩ፤ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተሸኘውም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ስለሆነ፣ እሳቸው ገና ሠልፍ በመማር ላይ ሳሉ የታላላቆቻቸውን ሽኝት አይተዋል። ተራቸው የደረሰው በ1945 ዓ.ም. ሲሆን እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በኋላ በመርከብ ተጉዘው ፑሳን ገቡ። ለእኛ ለልጆች የሚተርኩልን የባሕሩን ጉዞና ብርዱን ብቻ ነበር። ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች ማዕበሉ ሲያናውጣቸው ድርሳናቸውን ከደረታቸው አውጥተው ይደግሙ እንደነበር፣ የኮሪያ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውኃ በኮዳ ውስጥ እያለ ድንጋይ ይሆን እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል። ከዚያ ያለፈውን ስንጠይቃቸው «እሱን ተዉት» ይሉና ስለ ትምህርታችን ይጠይቁን ነበር።

ከኮሪያ ከተመለሱ በኋላ ክፉ ዘመን ጠበቃቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ምን እንደታሰበ ሳይነገራቸው በአለቃ ትእዛዝ የወጡ ተራ ወታደሮች ጭምር ታሰሩ፤ ብዙዎቹም ወደ ሌሎች ክፍሎች ተበተኑ። አባታችን ከእስር ሲፈቱ ሐረር ወደሚገኘው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ተመደቡ፤ በ1956 ዓ.ም. የሶማሊያ ድንበር ውጊያም እዚያው አገኛቸው። እኛ ከታላላቆቻችን በቀር ሐረር ተወልደን ሐረር ያደግነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ልጽፍላችሁ ወደምፈልገው ነገር ልመለስ። እናታችን በ1962 ዓ.ም. አራስ ሳለች ታማ ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ሠራተኛ የመቅጠር አቅም አልነበረንም፤ የእናታችን ዘመዶች ደግሞ ሩቅ ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ተራ ገብተው እንጀራ ሲያመጡልን ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን አባታችን ከጎረቤት እናት ዘንድ ሄደው «ሰዉን ማስቸገር አበዛን፤ እኔን አስተምሪኝ» አሉ። በዚያ ዘመን አንድ ወንድ፣ ያውም የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር፣ ምጣድ ሥር ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች እየመጡ በአጥሩ ያዩ ነበር።

የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ ከምጣዱም አልላቀቅ አለ። ሁለተኛው ተቀደደ። አባታችን ምጣዱን በጎመን ዘር ዱቄት እንደገና አሰሱት፤ ቃጫውን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ መወልወያ ጨብጠው ከመሃል እስከ ዳር፣ ጥቁሩ ሸክላ እስኪያበራ ድረስ አሹት። ከዚያ ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል እያዞሩ አፈሰሱ፣ አክምባሎውን ደፉ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው እንፋሎቱ በጠርዙ ሲወጣ ጠበቁ። ሲከፍቱት ዓይኑ ግጥም ብሎ ወጥቶ ነበር። ሰፌዱን ከሥሩ አስገብተው ሲያወጡት ታላቅ ወንድሜ አጨበጨበ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያነሡ «ጭራሮ ጨምር» አሉት። እናታችን ድና ከተመለሰች በኋላም ቢሆን፣ ሕይወታቸው እስኪደክም ድረስ በየሳምንቱ አንድ ቀን እሳቸው ይጋግሩ ነበር። ማንም እንዲያመሰግናቸው አልፈለጉም።

ሌላው የማልረሳው የሰኞ ጠዋት ቁጥጥር ነው። የትምህርት ቤት ልብሳችንን እሑድ ማታ በከሰል ካውያ ራሳቸው ይተኩሱልን ነበር። ጠዋት በር ላይ ተሰልፈን ጥፍር፣ አንገትና ጫማ ይታያል፤ ጫማው ያልተወለወለ ልጅ አይቀጣም፣ አባታችን ራሳቸው ቁጢጥ ብለው ይወለውሉለታል፤ ይህ ደግሞ ከአለንጋ የበለጠ ያሳፍረን ነበር።

የእናንተስ አባቶች?

የታሪክ መምህር፦

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አባትዎ «እሱን ተዉት» ይሉ የነበረው ምን እንደሆነ ለልጅ ልጆቻቸው ግልጽ ይሆን ዘንድ ጥቂት ልጨምር፤ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰው ለመረዳትም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ቃኘው ሻለቃ በየጊዜው እየተተካ የዘመተው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተደርቦ ነው። የመጀመሪያውን ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተውታል። ሦስተኛው ሲደርስ የተኩስ አቁም ድርድሩ ተፋፍሞ ስለነበር ውጊያው ሊያበቃ የተቃረበ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ኮረብታ ለመያዝ ይሻሙ ስለነበር፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ከከፉት መካከል ነበሩ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ፖርክ ቾፕ በሚባለው ኮረብታ አካባቢ «ዮክ» እና «አንክል» የተባሉትን የፊት ምሽጎች ኢትዮጵያውያን ይዘው ሳለ የቻይና ጦር በሌሊት በብዛት ወጣባቸው፤ እነሱም ቦታቸውን አልለቀቁም። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው።

በጦርነቱ ዘመን ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ለጉራ ይነገራል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ምን ማለት እንደነበረ ነው፦ በሌሊት ቅኝት ላይ ተኩስ ሲከፈትባቸው የቆሰለውንና የሞተውን ሳይዙ አይመለሱም ነበር። ሬሳ ተሸክሞ ቁልቁለት መውረድ ደግሞ፣ የጠላት መድፍ እየተከታተለ ሲመታ፣ ሕያውን ለሞት የሚያጋልጥ ሥራ ነው። ይህን ያደረገ የሃያ ዓመት ወጣት ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ ታሪክ ጸሐፊ ሊነግረን አይችልም፤ ልጆቹ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ስለዚህ ጥያቄዎ ተገቢ ነው እላለሁ።

ኮሪያ ሰፈር ያደገ፦

አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባለውን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ለተመለሱት ዘማቾች መሬት የተሰጠበት ቦታ ነው። እኔ እዚያ ተወልጄ ስላደግሁ በልጅነቴ የሁሉም ሰው አባት ኮሪያ የዘመተ ይመስለኝ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣኑን ካጠናከረ በኋላ የሰፈሩ ድምፅ ተለወጠ። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን የእኛ አባቶች ሠርተውት የነበረው ሥራ እንደ ወንጀል ይታይ ጀመር። አባቴ ሜዳይዎቻቸውን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ አድርገው ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ሲቀብሩ አይቻለሁ። ለማንም እንዳልናገር አላስጠነቀቁኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ፣ እኔም ገባኝ። ቆርቆሮው የወጣው በ1983 ዓ.ም. ሲሆን ሪባኑ በስብሶ ነሐሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቴ በሌላ ጨርቅ ልትሰፋው ስትል እሳቸው እምቢ አሉ። ባዶውን ነሐስ በመርፌ ቁልፍ ኮታቸው ላይ አድርገው ወደ ዓመታዊው በዓል መሄድ ጀመሩ፤ አፍንጮ በር አካባቢ ያለው የመታሰቢያ ፓርክ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ለልጅ ልጆቻቸው የጓደኞቻቸውን ስም እያሳዩ ያስነብቡ ነበር።

ስለ ቤት ኑሯቸው ከጠየቁኝ የምነግርዎ አንድ ነገር አለ። በደርግ ዘመን ጡረታቸው ስለማይበቃን በአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ተቀጠሩ። ጠዋት ሲመለሱ ሳይተኙ በፊት እኔን ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ማባዛት እያስጠየቁኝ እንሄዳለን፤ በር ላይ ስንደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው ለዘበኛው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ይዞራሉ። እንቅልፍ ያጡት ዓይኖቻቸው ይቀሉ እንደነበር ያስተዋልሁት እኔ ራሴ አባት ከሆንሁ በኋላ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለቀድሞ ዘማቾች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ልኮ ነበር። አባቴ ድርሻቸውን ሲቀበሉ ለቤተሰቡ ቆጥረው ሰጡና የቀረውን በአንድ ከረጢት አድርገው ለሰፈሩ ዳቦ ሻጮችና ለሊስትሮዎቹ አደሉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፉ።

ታላቅ እህት፦

ይህን ክር የከፈተችው ታናሽ እህቴ ናት። የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለቀብሩ መድረስ ባለመቻሌ ልቤ ተሰብሮ ሳለ ይህን ሁሉ አንብቤ ብዙ አለቀስሁ። እህቴ ስድስት ልጆች ብላ ጽፋለች፤ ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ፣ ነገር ግን በሥጋ የእሳቸው ልጅ አይደለሁም። እሷ ይህን ያልጻፈችው በቤታችን ውስጥ ልዩነት ስለማናውቅ ነው። እኔ ግን አሁን ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ ስላመንሁ እናታችንን በስልክ አስፈቅጃለሁ።

ወላጅ አባቴ በዚያው በ1945 ዓ.ም. ኮሪያ ላይ ሲወድቅ የአንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴም እኔ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ በአያቴ እጅ ነበርሁ። አባባ ከኮሪያ ከተመለሱ ጀምሮ በየወሩ ደመወዝ ሲቀበሉ ወደ አያቴ ቤት እየመጡ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ስኳርና ቡና ያመጡልን ነበር። አያቴ ስትደክም «እኔ እወስዳታለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ገና አላገቡም ነበር። እናታችንን ሲያጩ ሽማግሌዎቻቸው ከሁሉ አስቀድመው የተናገሩት «ልጅ አለችው» ብለው ነው። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሙሽራ የሌላ ሰው ልጅ ይዛ ትዳር ስትጀምር ቤተሰቧ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እሷ ግን አንድም ቀን እንጀራ ስትሰጠኝ ከራሷ ልጆች አሳንሳ አልሰጠችኝም። ስለ አባባ ደግነት በምንነጋገርበት ቦታ ሁሉ የእናታችን ደግነት አብሮ እንዲነሣ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእሳቸውን ቃል ኪዳን በየቀኑ የፈጸመችው እሷ ናት።

ነገር ግን አንድ ነገር ላይ ከእህቴ ጋር ስሜታችን አይገጥምም። ዝምታቸውን እንደ መልካም ጠባይ አድርጋ ጽፋለች። ለእኔ ከባድ ነበር። በየዓመቱ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የኮሪያ ዘማቾች ወዳረፉበት ስፍራ ይወስዱኝ ነበር፤ «አባትሽ እዚህ ነው» ይሉኛል፣ ሻማ እናበራለን፣ እንመለሳለን። ወላጅ አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ ይስቅ ወይም ይቆጣ እንደነበር፣ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አይናገርም። በወጣትነቴ ይህን እንደ ንፍገት ቆጥሬባቸው ነበር፤ እንዲያውም ለአንድ ዓመት ያህል ደብዳቤ አልጻፍሁላቸውም።

የነገሩኝ ወደ አሜሪካ ልሄድ በተሰናበትሁበት ማታ ነው። ጥይት ስላለቀባቸው በግራ በኩል ካለው ምሽግ ሊያመጡ ሲወጡ ወላጅ አባቴ እንደተመታ፣ ወዲያው ሳይሞት ጥቂት ቆይቶ እንደሞተ፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ የእኔን ስም እንደጠራ ነገሩኝ። ከዚያ «አልተውነውም፤ አመጣነው» አሉኝና ተነሥተው ወጡ። ማን እንደተሸከመው አልጠየቅሁም። በትከሻቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያንን ታሪክ ሃያ ዓመት ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ለእኔ ይሻለኝ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው የሚወዱትን ሰው ጠቅላላ አድርጎ ማስታወስ ስለሚገባ ነው።

የታሪክ መምህር፦

እህታችን፣ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ። በትምህርት ቤት ስለ ቃኘው ስናስተምር የወደቁት ዘማቾች ልጆች ማን እንዳሳደጋቸው ጠይቀን አናውቅም። እርስዎ የጻፉትን ያለ ስም ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ይፈቅዱልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ታላቅ እህት፦

ፈቅጃለሁ፤ እናታችንን ግን አይርሷት።

የሐረር ልጅ፦

እትዬ፣ ስለ ዝምታው ያልሽው እውነት ነው። እኔ ያየሁት የታናሽ ልጅን ድርሻ ነው፤ ለእኔ ዝምታቸው ሰላም ነበር። ለእናታችን ግን ምን እንደነበር ከአርባው በኋላ ራሷን ጠይቄያት የነገረችኝን እዚህ ልጻፍ፤ እሷም ይጻፍ ብላለች።

በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመታት አባታችን ሌሊት ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው በሩን ከፍተው ግቢ ውስጥ ይቆሙ ነበር። እናታችን መጀመሪያ ሌባ መስሏት ትከተላቸው ነበር፤ በኋላ ለጠበል ወሰደቻቸው፣ እሳቸውም እሷን ላለማስቀየም ሄደው ተጠመቁ። አልተወውም። በመጨረሻ ያገኘችው መድኃኒት ሥራ ነው፦ ሲነቁ እሷም ተነሥታ ከሰል ታያይዛለች፣ ቡና ትቆላለች፣ እሳቸው ይወቅጣሉ። ሳይነጋገሩ አንድ ሲኒ ጠጥተው ተመልሰው ይተኛሉ። በልጅነታችን በእኩለ ሌሊት የሙቀጫ ድምፅ እንሰማ የነበረው ለዚህ ኖሯል። ጎረቤቶቻችንም ሰምተው አንድም ቀን ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም ብላለች። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ።

«ለምን አልነገርሽንም?» ስላት «አባታችሁ እንዲታዘንለት አይፈልግም ነበር» አለችኝ። እትዬ፣ ለአንቺ አልነግር ያሉሽም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንቺ የተጎዳሽውን አያስቀረውም።

ነርስ ነኝ፦

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ስሠራ ብዙ የኮሪያ ዘማቾችን አስታምሜአለሁ። እናታችሁ ያደረጉት ነገር ትልቅ ጥበብ ነው። ዛሬ በሕክምናው ከጦርነት በኋላ ስለሚመጣ የሌሊት ቅዠትና ድንጋጤ ብዙ እናውቃለን፤ በዚያን ዘመን ግን ሚስቶቻቸው ያለ ምንም ትምህርት ነው የተሸከሙት። ካስታመምኋቸው አንድ አዛውንት፣ ሌላውን ሁሉ ረስተው ሳለ፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ስትቀመጥ ብቻ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ እሷ ውኃ ለመቅዳት ስትነሣ ዓይናቸውን ይገልጡ ነበር። ዘማች አባት ያላችሁ፣ እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ እነሱን ጠይቁ።

ቹንቾን ያለሁ፦

አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ዘማች ነበሩ። እኔ ለዘማች የልጅ ልጆች በሚሰጥ የትምህርት ዕድል ወደ ደቡብ ኮሪያ መጥቼ ቹንቾን ከተማ እማራለሁ። በዚህ ከተማ ኢትዮጵያውያን ዘማቾችን የሚያስታውስ ሐውልት አለ፤ በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። ከአጠገቡ ጣሪያው እንደ አገራችን ጎጆ ቤት ሆኖ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ሲኖር፣ ከንጉሡ ጉብኝት ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ቡና የሚያፈላ ቤትም በወንዙ ዳር እስካሁን አለ። መጀመሪያ እዚያ ስገባ ባለቤቶቹ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ሒሳብ አልቀበልም ብለውኛል።

የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር ልጠይቅ አሰብሁ። ሦስተኛው ቃኘው ከተኩስ አቁሙ በኋላ በኮሪያ ቆይቶ ስለነበር፣ ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ «ቦሁዋ» የተባለ ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው ይረዱ ነበር። ልጆቹን እያቀፉ ያስተኟቸው እንደነበር እዚህ ይነገራል። አባታችሁ ከዚያ ቦታ ጋር ግንኙነት ነበራቸው? ወላጅ ያጣች ልጅ ወስደው ማሳደጋቸው ይህን እንድጠይቅ አድርጎኛል።

የሐረር ልጅ፦

ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ አመሰግናለሁ። አባታችን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ የሚያኖሩት አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሦስት ወታደሮች ቆመው ከፊታቸው ሰባት ሕፃናት ተቀምጠዋል፣ አንደኛው ሕፃን በአባታችን ጫማ ላይ ነው የተቀመጠው። ለእግሩ የሚተልቅ የወታደር ካልሲ እስከ ጉልበቱ አጥልቋል። ማን እንደሆነ ስንጠይቅ «ልጃችን ነበር» ይሉ ነበር፤ እኛም እንደ ቀልድ እናልፈው ነበር። የማሳደጊያውን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። ከኋላው የተጻፈ ነገር ስለሌለ ቦሁዋ ይሁን ሌላ ቦታ እኔ ልወስን አልችልም፤ ነገር ግን ሕንፃው በከፊል ስለሚታይ እዚያ ያሉ ሰዎች ሊለዩት ይችሉ ይሆናል።

ቹንቾን ያለሁ፦

በጥራት አስነሥተው ከላኩልኝ ወደ መታሰቢያው አዳራሽ ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንድ ያደጉት ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነው በሕይወት አሉ ይባላል።

ኮሪያ ሰፈር ያደገ፦

እኔም የአባቴን ፎቶግራፎች ይዣለሁ፤ አብረን ብንልክ ይሻላል። ሌሎቻችሁም ካላችሁ በየፎቶግራፉ ጀርባ የዘማቹን ሻለቃ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የምታውቁትን ስም በእርሳስ ጻፉበት፤ በእስክሪብቶ ከተጻፈ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል።

የሐረር ልጅ፦

ዛሬ ጠዋት ከእናታችን ጋር ተቀምጠን ፎቶግራፉን አስነሥተናል፤ ነገ ቅጂው ወደ ቹንቾን ይላካል። እትዬ፣ ለአንቺም አንድ ቅጂ እልክልሻለሁ፤ ምክንያቱም እናታችን በስተግራ የቆመውን ወታደር በጣቷ ነክታ «ይሄማ የሷ አባት ጓደኛ ነው፤ እስካሁን በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ደብረ ብርሃን ነበር የሚኖረው» አለችኝ። ስሙን ነግራኛለች፤ እዚህ አልጽፈውም። የፊታችን ቅዳሜ ከወንድማችን ጋር ወደ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን። ካገኘነው ስለ አባትሽ የምትጠይቂውን ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አንድ በአንድ አነብለታለሁ።

ታላቅ እህት፦

ጥያቄዎቹን ዛሬ ማታ እጽፍልሻለሁ። ከሁሉ አስቀድመሽ ይስቅ እንደነበር ጠይቂልኝ።